ግራው ትግል፣ ቀኙ ምላሽ፦ በጎንደር ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጠው የአፓርታይድ ጥራዝ ሲገመገም

ከማራኪ ግቢ በር ጀምሮ እስከ ፒያሳ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ከሃንድአውት ቁልሉ መሀል ሰማያዊ ሽፋን ያላት አንዲት ቀጭን ጥራዝ አትጠፋም። በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን (በዘር የመለያየቱን ሥርዓት) በመቃወም የተካሄደውን ትግልና መንግሥት ለትግሉ የሰጠውን ምላሽ በአማርኛ ታስረዳለች። አዘጋጇ ስሙን አላሰፈረም፤ የታተመችበት ዓመትም አልተጻፈባትም። ኤ-ፎር ወረቀት ለሁለት ታጥፎ የተሠራች ባለ 64 ገጽ ናት። በስቴፕል የተያዘችው 90 ብር፣ ስፒራል የገባላት 130 ብር ትሸጣለች። በብዛት የሚገዟት ለኢንትራንስ የሚዘጋጁ ተማሪዎችና የታሪክ መምህራን ናቸው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ትገዛ። በዚህ ዋጋ፣ በአማርኛ፣ ይህን ያህል ጉዳይ የሚያስጨብጥ ሌላ ጥራዝ በከተማው ገበያ አላየንም። ነገር ግን እርሳስ ሳይያዝ እንዳትነበብ። ስህተቶቿ ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ፈተና ላይ የሚጥሉ ብቻ ሳይሆኑ ታሪኩን የሚገለብጡ ናቸው።

ትልቁ ብልሃቷ አደራደሯ ነው። ስትገለጥ በግራ ያለው ገጽ «ትግሉ»፣ በቀኝ ያለው «ምላሹ» ይላል። በአንድ ዘመን ሕዝቡ ያደረገውና መንግሥት ያደረገው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የአፓርታይድ ታሪክ በተለምዶ የሚጠናው እንደ ስም ዝርዝር ነው፤ ሻርፕቪል፣ ማንዴላ፣ ሶዌቶ፣ ከዚያ ነጻነት። እንዲያ ሲሸመደድ ሕጎቹ ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ትይዩ ገጾቹ ግን እያንዳንዱ አዋጅ ለየትኛው እንቅስቃሴ የወጣ እንደሆነ ያሳያሉ። መንግሥቱ በየጊዜው የፈራው ምን እንደሆነ ከዚያ ይነበባል።

ይህ ብልሃት ግን የሚሠራው ገጾቹ በትክክል ሲገጥሙ ብቻ ነው። አዘጋጁ ትግሉን ሙሉ ቁጥር ባላቸው ገጾች (2፣ 4፣ 6)፣ ምላሹን ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው (3፣ 5፣ 7) አስቀምጧል። ኮፒ የሚያደርገው ሰው የሽፋኑን ባዶ ጀርባ «ወረቀት ማባከን ነው» ብሎ ገጽ 1ን እዚያ ላይ ካተመው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ገጽ 3 ከገጽ 4 ጋር ይገጥማል፤ ማለትም የአንዱ ዘመን ምላሽ ከሚቀጥለው ዘመን ትግል ጎን ይቀመጣል። እንዲህ የተንሸራተቱ ቅጂዎች ብዙ ናቸው። አደገኛ የሚያደርጋቸው ሲነበቡ ስሜት መስጠታቸው ነው፤ አፈናው ቀጣዩን ትግል መውለዱ እውነት ስለሆነ አንባቢው ስህተቱን አያስተውልም። በተንሸራተተ ቅጂ የ1953ቱ ሕጎች ከ1955ቱ የታጋዮቹ የክሊፕታውን ጉባኤ ጋር ይጣመሩና ለዚያ የወጡ ይመስላሉ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሌለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።) ከመግዛት በፊት መሀሏን ገልጦ የቀኙ ገጽ ቁጥር ጎዶሎ መሆኑን ማየት ይበቃል።

ጥራዟ በትክክል ብትታተምም «ግራው ቀድሞ ቀኙ ይከተላል» የሚለው አካሄድ ለመጀመሪያዎቹ ገጾች አይሆንም። በዚያ ዘመን የቀደመው መንግሥት ነበር። የ1913ቱ የመሬት ሕግ ለጥቁሮቹ፣ ለአብዛኛው ሕዝብ፣ የተወው መሬት ከአገሩ 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ በ1936 ወደ 13 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ጥራዟ ይህን በሦስት መስመር አልፋዋለች። በ1948 በማላን የሚመራው የነጮች ብሔራዊ ፓርቲ በድምፅ ብዛት ሳይሆን በወንበር ብዛት ምርጫውን አሸነፈና ሕጎቹ እንደ ዝናብ ወረዱ፦ በ1949 የተለያየ ዘር ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክለው፣ በ1950 የሕዝብ ምዝገባው፣ በዚያው ዓመት የመኖሪያ ሰፈር በዘር የሚከፍለውና ኮሙኒዝምን የማፈን ሕግ የተባለው። የ1952ቱ የእምቢተኝነት ዘመቻ ለእነዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ ከገጽ 2 እስከ 5 ያለው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበብ፤ ከገጽ 6 ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ።

ስለ እምቢተኝነት ዘመቻው የተጻፈው ጥሩ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1944 ዓ.ም. ተጀመረ። ፈቃደኞቹ «ለነጮች ብቻ» በተባለው በር መግባት፣ ያለ ይለፍ ደብተር (ጥቁሮች እንዲይዙት የሚገደዱት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ) መንቀሳቀስ፣ የሰዓት እላፊ መጣስ፣ ሲያዙም መቀጮ ከመክፈል እስር መምረጥ ነበረባቸው። ስልቱ እስር ቤቶቹን መሙላት ነው። ከ8,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ጥራዟ ዘመቻው የተነሣባቸው ሕጎች አምስት ናቸው ትላለች፤ ስድስት ናቸው። የረሳችው የከብት ቁጥር የሚገድበውን ደንብ ነው። ይህ ደግሞ መረሳት አልነበረበትም፤ በ13 በመቶ መሬት ላይ የተጨናነቀ ገበሬ ግጦሽ አለቀ ተብሎ ከብቱን እንዲቀንስ ሲታዘዝ፣ የመሬት ሕጉ ውጤት ራሱ ሌላ ቅጣት ሆነበት ማለት ነው። የገጠር ሕዝብ ለምን እንደተነሣ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ ለጎንደር ዙሪያ ተማሪም ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ይኸው ነው።

የቀኙ ገጽ ምላሹን በትክክል አስቀምጧል። በ1953 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጅ ሥልጣን ሰጠ። ሁለተኛው ደግሞ ማንኛውንም ሕግ በተቃውሞ መልክ የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት፣ ሌላውን ያነሣሣ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር፣ ግርፋትም እንዲጨመርበት ደነገገ። ቀድሞ ለጥቂት ሳምንታት የሚያሳስር ጥፋት በአንድ ሌሊት የዓመታት እስር ሆነ። እዚህ ላይ «ዘመቻው ከሸፈ» የሚለው የጥራዟ ድምዳሜ ይሰረዝ። ዘመቻው የቆመው በእነዚህ ሕጎች ነው፤ በዚያው ጊዜ ግን የኤ.ኤን.ሲ. (የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ) አባላት ቁጥር ወደ 100,000 ገደማ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ዓመተ ምሕረቱ ጣጣ። ጥራዟ አንዳንዱን ቀን በእኛ፣ አንዳንዱን በፈረንጅ አቆጣጠር ትጽፋለች፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አታመለክትም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሌለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።) ከሁሉ የከፋው ገጽ 12 ላይ ነው፦ «በ1948 ሃያ ሺህ ሴቶች ወደ ፕሪቶሪያ ተመሙ» ይላል። ነሐሴ 3 ቀን 1948 ዓ.ም. ለማለት ነው፤ በፈረንጆቹ 1956። ብሔራዊ ፓርቲው ሥልጣን የያዘበት ዓመት በፈረንጆቹ 1948 ስለሆነ ተማሪው ሁለቱን ያጋጭና ሴቶቹ የወጡት በምርጫው ምክንያት ነው ብሎ ይደመድማል። የወጡት የይለፍ ደብተሩ በሴቶችም ላይ ሊጫን ስለነበር ነው። ሰልፉን የመሩት ሊሊያን ንጎዪ፣ ሄለን ጆሴፍ፣ ራሂማ ሙሳና ሶፊያ ዊሊያምስ ናቸው። የመጡት ለጠቅላይ ሚኒስትር ስትራይደም አቤቱታ ለማቅረብ ነበር።

ሌላው የመቀነስ ስህተት ነው። አዘጋጁ ከየትኛውም የፈረንጅ ዓመት 8 ቀንሷል። ከጃንዩወሪ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላለው 8 ልክ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን የሚቀነሰው 7 ነው። በዚህ ምክንያት ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ የተባለው የኤ.ኤን.ሲ. የትጥቅ ክንፍ የተመሠረተው በ1953 ዓ.ም. ተብሏል፤ ታኅሣሥ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የጥቁር ንቃተ ኅሊና ንቅናቄ መሪው የስቲቭ ቢኮ ሞትም 1969 ዓ.ም. ተብሏል፤ መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፣ እኛ አዲሱን ዓመት በተቀበልን ማግስት። የኤ.ኤን.ሲ. ምሥረታ ታኅሣሥ 30 ቀን 1904 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው ደግሞ በአንድ ቀን ያልፋል። 1903 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች፤ ስለዚህ የፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 8 ታኅሣሥ 29 ላይ ይውላል።

ከትርጉም ስህተቶቹ ውስጥ የሚያስቆጣው «ፓስ» የሚለውን «ፓስፖርት» ማለቷ ነው። ፓስፖርት ሰው ወደ ውጭ አገር እንዲወጣ የሚያስችል ሰነድ ነው። ይህ ግን ሰውን በገዛ አገሩ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ደብተር ነበር፤ ሕዝቡ «ዶምፓስ» ይለዋል። ዕድሜው ከ16 በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ ሁልጊዜ መያዝ ነበረበት፤ ፎቶግራፍ፣ የግብር ማስረጃና የአሠሪው ፊርማ አለበት። ፈቃድ የሌለው ሰው ከተማ ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም ነበር። ደብተሩን ያጠናከረው የ1952ቱ ሕግ ደግሞ በስሙ «ይለፍን የመሰረዝ» ሕግ ነበር። አዘጋጁ ይህን ስም አይቶ ሳይሆን አይቀርም «በ1952 ፓስፖርት ተሰረዘ» ብሎ የጻፈው። የተሰረዘው አሮጌው የወረቀት ዓይነት ነው፤ ግዴታው ባሰበት። ገጽ 14 ላይ ያለው ይህ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

ገጽ 16 እና 17 ሁለት የፍርድ ሂደቶችን ቀላቅለዋል። በክሊፕታውን በጁን 1955 የነጻነት ቻርተር፣ የታጋዮቹ የጋራ ጥያቄዎች ሰነድ፣ ጸደቀ፤ ፖሊስ በሁለተኛው ቀን ጉባኤውን ከቦ ወረቀት ሰበሰበ፣ ስም መዘገበ። በዲሴምበር 1956 በአገር ክህደት 156 ሰዎች ተያዙ። ጥራዟ እነዚህ «ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው» ትላለች። አንድም አልተፈረደበትም፤ የመጨረሻዎቹ መጋቢት 20 ቀን 1953 ዓ.ም. ነጻ ተባሉ። ዕድሜ ልክ የተፈረደው ማንዴላና ጓዶቻቸው በተከሰሱበት በሪቮንያው ችሎት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም አለው፤ መንግሥቱ በክህደቱ ችሎት ከአራት ዓመት በላይ ደክሞ ስለተሸነፈ ነው ከዚያ በኋላ ሰዎችን ያለ ፍርድ ቤት የሚይዝባቸውን ሕጎች ለማውጣት የሮጠው። ይህ ከተሳሳተ የሚቀጥሉት አሥር ገጾች ምክንያታቸውን ያጣሉ።

የሻርፕቪል ገጾች፣ 18 እና 19፣ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ይገባቸዋልም። መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ሰዎች ይለፋቸውን እቤት ትተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ «እሰሩን» ለማለት። ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰዎች ገደለ፣ ወደ 180 የሚሆኑ አቆሰለ። ከተመቱት ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው። ጥራዟ ሰልፉን ያዘጋጀው ኤ.ኤን.ሲ. ነው ትላለች፤ የሮበርት ሶቡክዌ ፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ነው። ኤ.ኤን.ሲ. የራሱን ፀረ ይለፍ ዘመቻ ያቀደው ለመጋቢት 22 ነበር፤ ተቀናቃኙ በአሥር ቀን ቀደመው።

ምላሹ በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ ተጠናቀቀ፤ የቀኙ ገጽ ቀናቱን ተራ በተራ ማስቀመጡ ያስመሰግናል። መጋቢት 21 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ መጋቢት 30 ሁለቱም ድርጅቶች ታገዱ። የቀረው አንድ ነገር ነው፣ የኬፕ ታውኑ ሰልፍ። አዋጁ በታወጀበት ዕለት የ23 ዓመቱ ፊሊፕ ክጎሳና ከጥቁሮቹ ሰፈሮች ከላንጋና ከኒያንጋ ወደ 30,000 የሚሆን ሕዝብ እየመራ መሀል ከተማ ገባ። አንድ የፖሊስ ኮሎኔል «ሕዝቡን በትን፣ ከፍትሕ ሚኒስትሩ ጋር አገናኝሃለሁ» አለው። ክጎሳና አመነ፤ ሕዝቡም በሰላም ተመለሰ። ማታ ለቀጠሮው ሲመጣ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች በሰላማዊ ድርድር ለምን ተስፋ እንደቆረጡ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። ገጽ 18 ግርጌ ላይ አምስት መስመር የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ይጻፍ።

ገጽ 25 የጥራዟ ምርጥ ገጽ ነው። ያለ ፍርድ የመያዝ ሕጎችን እንደ መሰላል ደርድሯቸዋል፤ በ1963 90 ቀን፣ በ1965 180 ቀን፣ በ1967 ገደብ የለሽ። ከእያንዳንዱ ጎን ማን መያዝ እንደሚችል፣ ጠበቃ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት ጣልቃ መግባት ይችል እንደሆነ ተጽፏል። መምህራን ይህን ገጽ ብቻ አስፍተው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት አያጸጽታቸውም። ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ 90 ቀን ማለት 90 ቀን አልነበረም፤ እስረኛው ይለቀቅና እዚያው በር ላይ እንደገና ይያዛል። ጋዜጠኛዋ ሩት ፈርስት እንዲህ ሆና 117 ቀን ቆይታለች። ሁለተኛ፣ «የሶቡክዌ አንቀጽ» የተባለው የ1963 ድንጋጌ። ሶቡክዌ የተፈረደባቸውን ሦስት ዓመት ቢጨርሱም ፓርላማው በየዓመቱ እያደሰ እስከ 1969 ሮበን ደሴት ላይ አቆያቸው። አንድ ሰው ለማሰር አንድ አንቀጽ የወጣበት አገር ነው።

ገጽ 26 ማንዴላ «በሪቮንያ እርሻ ተያዙ» ይላል። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማንዴላ የተያዙት ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ሃዊክ አጠገብ መኪና ውስጥ ሳሉ ነው፤ አምስት ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር። የታጋዮቹ መደበቂያ የነበረው የሪቮንያ እርሻ የተከበበው ሐምሌ 4 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲሆን እሳቸው ያን ጊዜ እስረኛ ናቸው፤ ከእስር ቤት መጥተው ከሌሎቹ ጋር ተከሰሱ። ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ጥራዟ ስምንቱንም ሮበን ደሴት ትልካቸዋለች፤ የሄዱት ሰባቱ ናቸው። ዴኒስ ጎልድበርግ ነጭ ስለነበሩ ፕሪቶሪያ ታሰሩ። አፓርታይድ እስረኞቹንም በዘር ይለይ ነበር።

ከገጽ 28 እስከ 32 ስለ ኢትዮጵያ ነው። እዚህ ላይ አዘጋጁ ፍቅሩ አሸንፎታል። ትይዩ አደራደሩን ትቶ አምስት ገጽ ሙሉ ስለ ኮልፌ ይተርካል። ማንዴላ በ1962 መጀመሪያ አዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ ነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ መናገራቸው፣ በዚያው ዓመት ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸው፣ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዛቸው ሁሉ እውነት ነው፤ ልብ ያሞቃል። ግን ጉባኤው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አልነበረም፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በዓመቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። ሥልጠናውም ስድስት ወር አልተካሄደም። ስድስት ወር ታቅዶ ነበር፤ በሁለት ወር ገደማ ወደ አገራቸው ተጠሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጨው ኢትዮጵያ እንደ መንግሥት ያደረገችው አንድ ትልቅ ነገር በአንዲት መስመር እንኳ አለመነሣቱ ነው፦ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መክሰሷ። ጉዳዩ ዛሬ ናሚቢያ ስለምትባለው አገር ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ በአደራ የያዘችውን አገር በአፓርታይድ ታስተዳድር ስለነበር። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። በኮልፌ ለመኩራት አምስት ገጽ ካለ ለሄግ አንድ ገጽ መገኘት ነበረበት። ከታች እንመለስበታለን።

የሶዌቶ ገጾች (38 እና 39) ጽሑፋቸው ጥሩ፣ ሥዕላቸው መጥፎ ነው። ምክንያቱ በግልጽ ተቀምጧል፤ ትምህርት ክፍሉ ሒሳብና ማኅበራዊ ትምህርት በገዢዎቹ ነጮች ቋንቋ በአፍሪካንስ እንዲሰጡ አዘዘ። መምህሩ በቅጡ በማይችለው፣ ተማሪው በማይወደው ቋንቋ። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ወጡ። ጥራዟ የሞቱትን «በአንድ ቀን 575» ትላለች። ይህ ቁጥር መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የሲሊየ ኮሚሽን እስከ ፌብሩወሪ 1977 በመላ አገሪቱ የቆጠረው ነው፤ ለመጀመሪያው ዕለት መንግሥት ያመነው 23 ብቻ ነበር። እንቅስቃሴውንም ከስደት ሆኖ ኤ.ኤን.ሲ. እንደመራው መጻፉ ልክ አይደለም። የጠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ መንፈሱም የቢኮ የጥቁር ንቃተ ኅሊና ነበር።

ሥዕሉ ሳም ንዚማ ያነሣው ፎቶግራፍ ነው፤ በጥይት የተመታውን የ12 ዓመቱን ሄክተር ፒተርሰንን ምቡይሳ ማኩቦ ታቅፎት ሲሮጥ፣ እህቱ አንቷኔት ከጎኑ። በገበያ ላይ ያሉት ቅጂዎች ከቅጂ የተቀዱ፣ እንደገናም የተቀዱ ስለሆኑ ሦስቱም ጥቁር ጥላ ሆነዋል፤ በብዙዎቹ እህቱ ጨርሳ አትታይም። የሚረዳው ማሽኑን ከ«ጽሑፍ» ወደ «ፎቶ» ማዞርና ድምቀቱን በሁለት ደረጃ ማቅለል ነው። ይህም የሚሠራው ከመጀመሪያው ኅትመት ሲቀዳ ብቻ ነው፤ አንዴ የጠቆረውን ምንም አይመልሰውም።

ቢኮ በኦገስት 1977 መንገድ ላይ ተይዘው፣ ክፉኛ ተደብድበው፣ ራቁታቸውን በላንድሮቨር ከፖርት ኤልዛቤት ፕሪቶሪያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭነው ሞቱ። የፖሊስ ሚኒስትሩ በረሃብ አድማ ነው አለ። ጥራዟ ይህን በቁጥብ ቋንቋ፣ ያለ ጌጥ ጽፋዋለች፤ ከሁሉ የሚሻለው አንቀጿ ነው። ጥቅምት 9 ቀን 1970 ዓ.ም. የጥቁር ንቃተ ኅሊና ድርጅቶችና «ዘ ወርልድ» ጋዜጣ መታገዳቸው፣ በኖቬምበር የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ መከተሉም በቦታው አለ።

ከዚያ በኋላ ጥራዟ ትቸኩላለች። ስለ ባንቱስታኖቹ፣ ለጥቁሮች በየጎሣቸው ስለተከለሉት ግዛቶች፣ ምንም የለም፤ ይህም ከስህተቶቿ ሁሉ ትልቁ ጉድለት ነው። የመንግሥቱ ዋና ምላሽ ጥይት አልነበረም፣ ካርታ ነበር። ትራንስካይን በ1976፣ ቦፉታትስዋናን በ1977፣ ቬንዳን በ1979፣ ሲስካይን በ1981 «ነጻ አገር» ብሎ በማወጅ ሚሊዮኖችን በተወለዱበት አገር የውጭ ዜጋ አደረገ። ዓለም አንዱንም አልተቀበለም። ከ1960 እስከ 1983 በግዳጅ ከቦታቸው የተነሡት 3.5 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ።

1980ዎቹ ሁለት ትይዩ ገጽ ብቻ ተሰጥቷቸዋል፤ ቢያንስ ስድስት ይገባቸው ነበር። ነጮችን፣ «ቀለማውያን» የተባሉትንና ሕንዶችን ይዞ ጥቁሮችን ያስቀረው ባለ ሦስት ምክር ቤት ሕገ መንግሥት፣ እሱን ለመቃወም ነሐሴ 14 ቀን 1975 ዓ.ም. የተመሠረተው የተባበረ ዴሞክራሲያዊ ግንባር፣ በሴፕቴምበር 1984 በቫል የተነሣው የቤት ኪራይ አመፅ፣ በዲሴምበር 1985 የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረታቸውን ኮሳቱን መመሥረታቸው፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ ታጭቀዋል። በ1985 የአሜሪካው ቼዝ ማንሃታን ባንክ ብድሩን አላድስም ማለቱ፣ መንግሥቱም በሴፕቴምበር ዕዳ መክፈል ማቆሙ አልተጠቀሰም። ቀኙ ገጽ ግን አንድ ነገር አስተውሏል፦ በ1986 የይለፍ ሕጉ ተሰረዘ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሶዌቶ አሥረኛ ዓመት አራት ቀን ሲቀረው። በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው ማነቁን ይህ ቀን ይናገራል።

የመጨረሻው ገጽ ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ሲፈቱ ይዘጋል። እስከ ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. ምርጫ ያለው አራት ዓመት፣ የቦይፓቶንግና የቢሾ እልቂቶች፣ የታጋዩ የክሪስ ሃኒ ግድያ፣ አንዱም የለም። ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ይህን ከመማሪያ መጽሐፉ ያሟላ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነም ሌላ ችግር አለ፤ ጥራዟ የሕጎቹን ስም በአማርኛ ብቻ ሰጥታለች። «የቡድን መኖሪያ ሕግ» ያለው ተማሪ «ግሩፕ ኤሪያስ አክት»ን ሲያይ ሌላ ሕግ ይመስለዋል። ሀያ የማይሞሉ ስሞች ናቸው፤ በኅዳጉ ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፉ።

ራሳቸው ለሚያስቀዱ፦ 64ቱ ገጽ በ16 ኤ-ፎር ወረቀት ያልቃል፣ ሽፋኑ 17ኛው ነው። ማሽኑ ባለ ሁለት ፊት ሲያትም «በአጭር ጠርዝ» ይገልብጥ፤ በረጅሙ ከገለበጠ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ስቴፕሉ ማጠፊያው ላይ ሁለት ቦታ ይመታ፤ ለዚህ ረጅም ክንድ ያለው ስቴፕለር ያስፈልጋል፣ ሁሉም ቤት የለውም። ስፒራል የሚገባላት ወረቀቱ መሀል ለመሀል ተቆርጦ ስለሆነ ቀዳዳው የውስጡን ኅዳግ ይበላል፤ የምላሹ ቀናት የተጻፉት ደግሞ እዚያው ኅዳግ ላይ ነው። ስለዚህ 90 ብሯ ከ130 ብሯ ትሻላለች።

ገጽ 62 እና 63 «ለማስታወሻ» ተብለው ባዶ ተትተዋል፤ ትይዩ ናቸው። ለሄጉ ክስ በትክክል ይበቃሉ። በግራው፦ ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ክሱን መሠረቱ፤ በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 7 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በቀኙ፦ ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ 7 እኩል ተከፈሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ሰር ፐርሲ ስፔንደር ወሳኙን ድምፅ ሰጡ፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም አላሳዩም ተብሎ ክሱ ተዘጋ። ከሥሩ ለአንድ መስመር ቦታ ይቀራል፦ በኦክቶበር 1966 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አደራውን ከደቡብ አፍሪካ ነጠቀ።